ልጄን ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፣ እኔ ግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትጀምር እያልኩ ነው። አብጃለሁ እንዴ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ጭንቅ ይዞኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ሌላ ስቴት ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ደብዳቤው የመጣ ቀን ቤቱ በእልልታ ቀለጠ፣ አክስቷ ከአዲስ አበባ ደውላ በደስታ አለቀሰች።

ከዚያ የፋይናንሺያል ኤይዱ ወረቀት መጣ። እንዳለ ልገልብጠው። የዓመቱ ወጪ ዶርምና ምግብ ጨምሮ 56 ሺህ ዶላር። ዩኒቨርሲቲው የሰጣት ስኮላርሺፕ 28 ሺህ። ፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ) 3 ሺህ። የተማሪ ብድር 5,500። ከዚያ በታች ፓረንት ፕላስ 19,500። ድምሩ ልክ 56 ሺህ ይመጣና ከሥሩ "ቀሪ ክፍያ 0" ይላል። ባለቤቴ ዜሮዋን አይቶ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተሸፈነ" አለ። ልጅቷ ናት ቀስ ብላ "አባ፣ ይሄ እኮ በአንተ ስም የሚወጣ ብድር ነው" ያለችው።

የትምህርት ቤቷ አማካሪ ሞንጎመሪ ኮሌጅ (የካውንቲያችን የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሁለት ዓመት ተምራ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ብትዛወር ይሻላል ትላለች። እኔም ልቤ ወደዚያ ነው። ባለቤቴ ግን ወይ ፍንክች። "ማኅበር ላይ ልጅህ የት ገባች ሲሉኝ ምን ልበል?" ነው የሚለው። ከኋላዋ ሁለት ወንድሞች አሏት። እሱ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ዴይኬር ነው የምሠራው። ዲፖዚት የሚከፈለው እስከ ሜይ 1 ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እውነቱን ንገሩኝ። አታባብሉኝ።


አሌክስ ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

ኧረ ምንም አላበዱም። እኔ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ጀምሬ ጆርጅ ሜሰን ነው የጨረስኩት፣ አሁን አይቲ እሠራለሁ። ያደግኩት ሳውዘርን ታወርስ የሚባለው አፓርታማ ነው፣ የኖቫ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ለእኛ እንደ ጓሮ ነበር፣ በክፍል መሃል ቤት ሄጄ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። እስክመረቅ ድረስ ዶርም የሚባል ነገር አልከፈልኩም።

ቁም ነገሩ ግን ኖቫ መግባቱ አይደለም። አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ኖቫና ሜሰን በ2018 አብረው የጀመሩት። ገና ከመነሻው ነው የሚመዘገቡት። ሜሰን ሄደው ምን እንደሚማሩ ይመርጣሉ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ባችለሩ ድረስ የሚወሰደው ኮርስ ተዘርዝሮ ይሰጥዎታል። ከዝርዝሩ ካልወጡ ክሬዲት አይባክንም። ሌላም አለ። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረሙት የመግቢያ ዋስትና ነው። የተባለውን አሶሺየት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ በተባለው ጂፒኤ ከጨረሱ ይቀበላሉ፣ አለቀ። ዩቪኤ (ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) ራሱ አለበት፣ ለአርትስና ሳይንስ ኮሌጁ 3.4 ይጠይቃል። ከሃይስኩል አመልክተው ዩቪኤ የመለሳቸው ልጆች በዚህኛው በር ሲገቡ አይቻለሁ።

ለአባትየው ደግሞ ይሄን ይንገሩልኝ። ዲፕሎማዬ ላይ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ማኅበር ላይ ደግሞ ትራንስክሪፕት አምጣ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም ሃሃ።


እውነቱ ይነገር

አታባብሉኝ ስላልሽ አላባብልሽም እህቴ። ይሄ "ሁለት ዓመት ተምሮ ይዛወራል" የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ያምራል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት ከመቶ 80 ገደማው ባችለር እንፈልጋለን ብለው ነው የሚገቡት። የኮሌጅ ተማሪዎችን መረጃ የሚሰበስበው ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ የሚያወጣውን ቁጥር እይው። የሚዛወረው ከሦስት አንድ ያህሉ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለሩን የሚይዘው ከመቶ 16 ገደማ። ይሄን ኦሬንቴሽን ላይ ማንም አይነግርሽም።

እኔም ካልደረሱት ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ሃይስኩል እንደጨረስኩ ገባሁ፣ ጎን ለጎን ፓርኪንግ ሥራ ያዝኩ፣ መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ማታ ማታም ሆነ፣ ብሩ ጣመኝ፣ መኪና አወጣሁ፣ የመኪናውን ለመክፈል ሺፍት ጨመርኩ፣ አራት ኮርስ የነበረው ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሁለት። አማካሪ ጋ በሄድኩ ቁጥር ሰውየው ሌላ ነው። አንዱ ውሰድ ያለኝን ሌላው ለምን ወሰድክ ይለኛል። አንድ ተርም ሳልመዘገብ ቀረሁ፣ በቃ። ማንም ደውሎ የት ጠፋህ አላለኝም። ዶርም ያለች ልጅ ብትጠፋ ሩምሜቷ እንኳ ትጠይቃለች። ይሄ ዋጋ አለው ነው የምልሽ።


ሌሊት ሺፍት

እውነቱ ይነገር፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ቁጥሩ ውስጥ ማን ማን እንዳለ እንይ እንጂ። ቀን ልጅ እያሳደገ ማታ እየሠራ በሴሚስተር አንድ ኮርስ የሚወስደው ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። የእሷ ልጅ ገና ከሃይስኩል መውጣቷ ነው፣ ቤት አላት፣ የምትበላው አላት፣ ፉል ታይም ልትማር ትችላለች።

ኒው ዮርክ ውስጥ ኩኒ (የከተማው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ) በ2007 ኤሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው የግድ ፉል ታይም ይማር፣ አንድ የራሱ አማካሪ ይኑረውና በየጊዜው ያግኘው፣ ለመጻሕፍት ይደጎም፣ የሜትሮ ካርድ ይሰጠው ነው ያሉት። ኤምዲአርሲ የሚባል የጥናት ድርጅት ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አወዳደረ። ያለ ፕሮግራሙ በሦስት ዓመት የጨረሰው ከመቶ 22 ሲሆን በፕሮግራሙ 40 ሆነ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ የተለየው አያያዙ ነው። አንተንም የጣለህ ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ፓርኪንጉ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝና።

እኔ በነርሲንጉ በኩል ነው ያለፍኩት። ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ ነርሲንግ ሆም እየሠራሁ ፕሪሪኩዚቶቹን፣ ማለት ቀድመው የሚወሰዱትን ኮርሶች፣ ጨረስኩ። አናቶሚ አሳሬን አበላኝ፣ የአጥንቶቹን ስም ካርድ ላይ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር ሽማግሌዎቹን የማገላብጠው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአሶሺየት የወጣም በባችለር የወጣም የሚፈተኑት ያንኑ ኤንክሌክስ ነው፣ የሚይዙትም ያንኑ አርኤን የሚባል የነርስ ላይሰንስ ነው። ባችለሩን ሆስፒታሉ ከፍሎልኝ ቆይቼ ጨረስኩት። አንድ ነገር ልብ በሉ ግን። ኮሌጁ ሁሉንም ይቀበላል፣ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም አይቀበልም። ወንበሩ የተቆጠረ ነው፣ መግቢያ ፈተናም አለው። "ነርሲንግ ገባች" ተብሎ ድግስ ከተደገሰ በኋላ ገና ፕሪሪኩዚት ላይ የነበረች ልጅ አውቃለሁ።


ጋሽ ኮሮላ

እኔ የምጽፈው ለባለቤትሽ ነው። እሱም ኡበር ነው፣ እኔም ኡበር ነኝ፣ እንግባባለን።

ወንድሜ፣ ያንን 19,500 በአራት አባዛው። 78 ሺህ ነው፣ ወለዱን ሳልቆጥር፣ ወለዱ ደግሞ ብሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። አሁን ሕጉ ተቀይሯል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር ወላጅ ፓረንት ፕላስ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ አያልፍም። ስለዚህ አንተ አራተኛው ዓመት መሃል ላይ ብድሩ ራሱ ያልቅብሃል። ልጅቱ ልትመረቅ ስትል 13 ሺህ ከየት ታመጣለህ? ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በየዓመቱ ዋጋ ይጨምራሉ፣ ስኮላርሺፑ ግን ባለበት ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች ተሰልፈዋል። እኔ የመጀመሪያዬን እንዲህ አድርጌ ላክሁ፣ ተመረቀች፣ ኮራሁባት፣ አሁንም ድረስ በየወሩ እከፍላለሁ። ሁለተኛውን ሞንጎመሪ ኮሌጅ አስገባሁት። ማኅበር ላይ ጠየቁኝ። "ሞንጎመሪ ነው" አልኩ። "ጎበዝ" አሉና ወደ ጠላቸው ዞሩ። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለእኛ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ እምቢ ከማለታችሁ በፊት ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ይግባኝ ጻፉ። ፋፍሳ (የፌዴራል ኤይድ ማመልከቻው) የሚያየው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ገቢያችሁ ቀንሶ ከሆነ፣ ወይም ትልቅ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ፣ የኤይድ ቢሮው እንደገና እንዲያየው መጠየቅ መብታችሁ ነው። ማስረጃ አያይዙ። አንዳንዴ ይጨምራሉ። ካልጨመሩም ወረቀት ብቻ ነው የከሰራችሁት።


ካልኩለስ ጠላቴ

ሁላችሁም ትመክራላችሁ፣ ዋናውን ጥያቄ የጠየቀ የለም። ልጅቷ ምን መማር ነው የምትፈልገው?


የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤቱን ዕቃ ስትፈታ ነው ያደገችው፣ ስትገጥም ግን አይተን አናውቅም። ጋሽ ኮሮላ፣ የአራተኛውን ዓመት ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ካልኩሌተር አወጣ።


ካልኩለስ ጠላቴ

ጥሩ፣ እንግዲህ ይሄ የእኔ ሰፈር ነው። እኔ በዚያው መንገድ ከሞንጎመሪ ኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ፓርክ (ያው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) ገብቼ ነው ኢንጂነሪንግ የጨረስኩት። ረዘም ያለ ነው፣ ታገሱኝ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ገንዘብ የሚባክነው በኮርስ ምርጫ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ጂኤኦ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ የሚዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ከመቶ 43 ክሬዲታቸውን ያጣሉ። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው! ይሄ እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር፣ ጎበዝ። ሲመዘገብ "ጄኔራል ስተዲስ" አሉት፣ እሺ አለ። ሒሳብ ውሰድ ሲሉት ቀለል ይበል ብሎ ስታቲስቲክስ ወሰደ። ሳይንስ ሲሉት አስትሮኖሚ ወሰደ። ውጤቱ ሁሉ ኤ ነው። ሊዛወር ሲል ለኢንጂነሪንግ ካልኩለስ አንድና ሁለት፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ከነላቡ ይፈለጋል ተባለ። አንዱም የለውም። እንደገና ሁለት ዓመት። አንድም ኮርስ አልወደቀም እኮ!

የኢንጂነሪንግ ነገር ደግሞ ኮርሶቹ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። ፊዚክሱ ካልኩለስ ይፈልጋል፣ ስታቲክስ ፊዚክስ ይፈልጋል፣ ዳይናሚክስ ስታቲክስ ይፈልጋል። አንዷን ሴሚስተር ያመለጠችው ልጅ ዓመት ሙሉ ልትጠብቅ ትችላለች። ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጊው ምን መሰለሽ፣ የሞንጎመሪን ካታሎግ አትክፈቺ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የአራት ዓመት ፕላን አውርጂ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮርሶች አንድ በአንድ ሞንጎመሪ ውስጥ ምን እንደሚባሉ ፈልጊ። ካልኩለስ አንድ እዚያ ማት 181 ነው፣ ሁለተኛው 182። ኮሌጅ ፓርክ ሲደርስ 140 እና 141 ተብሎ ይቆጠርላታል። ኢኤንኢኤስ 100 የሚባለው የኢንጂነሪንግ መግቢያ ኮርስ ሁለቱም ጋ በአንድ ቁጥር አለ። ይሄን ሠርታ፣ አትማና ይዛ ነው አማካሪ ጋ መሄድ ያለባት። "ምን ልውሰድ?" ብላ ሳይሆን "ይሄን ልወስድ ነው፣ ምን ይጎድለዋል?" ብላ። በሁለቱ ጥያቄ የምታገኘው መልስ ሰማይና ምድር ነው። አማካሪውም ሰው ነው፣ በቀን ስንቱን ያያል።

ሁለተኛ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ሊሚትድ ኢንሮልመንት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት ማለት ኢንጂነሪንግ ተቀበላት ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንስም እንደዚያው ነው፣ እዚያማ ፉክክሩ አይጣል። የሒሳብና የሳይንስ ኮርሶቹ ውጤት ነው የሚታየው። ስለዚህ በእነዚያ ላይ ሲ ማለት አደጋ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ቢ ብታመጣ የሚሞት የለም።

ዋጋው? ሞንጎመሪ ለካውንቲው ነዋሪ ትምህርቱ በዓመት 5 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ለስቴቱ ነዋሪ ትምህርቱ ብቻ ከ11 ሺህ በላይ፣ ዶርምና ምግብ ሲጨመር ከ25 ሺህ በላይ። ያ 3 ሺህ ፔል ግራንት የዩኒቨርሲቲው ስጦታ አይደለም፣ ከፌዴራል ነው፣ ፋፍሳው ላይ ኮሌጁን ጨምሩና ይከተላታል። እዚያ ጠብታ ነው፣ ሞንጎመሪ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል።

እውነቱ ይነገር ያለው ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። እኔ ጓደኛ ያፈራሁት ኮሌጅ ፓርክ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ያውም ዘግይቼ፣ ሌሎቹ በመጀመሪያው ዓመት ተቧድነው ጨርሰዋል። ኢንተርንሺፕ ሲፈለግ ፕሮፌሰሮቹን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይሄ ጉዳት ነው፣ አልደብቅም። 19,500 በዓመት ያወጣል ወይ ነው እንጂ ጥያቄው።


ዲቪ አዲስ

ክሩን ልጥለፍ፣ ይቅርታ። እኔ በዲቪ ከገባሁ ገና ጥቂት ወር ነው፣ ቨርጂኒያ ነኝ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል የተፈተንኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ነው፣ ያ 50 ከመቶ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ የሆነበት ዓመት። እኔ ከቀሩት ነኝ። ኮሌጅ መግባት እችላለሁ? ወይስ እዚህም ማትሪክ ይጠይቁኛል? ታላቅ እህቴ ደግሞ አካውንቲንግ ዲግሪ አላት፣ እሷስ?


ወረቀት አገላባጭ

ኮሌጅ ውስጥ ኤይድ ቢሮ ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዲቪ አዲስ፣ ተንፍስ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩ ክፍት ነው። 12ኛን መጨረስህን የሚያሳይ ትራንስክሪፕት ይበቃል፣ የማትሪኩን ውጤት እንደ አገር ቤት ቆርጦ የሚያስቀርህ የለም። ከ12ኛ በፊት ያቋረጠ ዘመድ ካለህ የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካውን ጂኢዲ ይፈተን፣ አራት ትምህርት ነው፣ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ።

ግሪን ካርድ ስላለህ ፋፍሳ ዛሬውኑ መሙላት ትችላለህ፣ ለፌዴራሉ ዓመት መጠበቅ የለም። ዓመት የሚጠበቀው ለስቴቱ ነዋሪ ዋጋ ነው፣ ቨርጂኒያ አንድ ዓመት መኖርህን ትጠይቃለች። እስከዚያ ሥራህን እየሠራህ እንግሊዝኛህን አጠናክር። ብዙ ካውንቲዎች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የማታ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተናውን ከሺፍት ወጥተህ እንቅልፍህን እየታገልክ አትቀመጥ። ዝቅ ካልክ ሙሉ ዓመት የሚፈጅ ኢኤስኤል (የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ) ውስጥ ነው የምትገባው።

የእህትህ ጉዳይ ይለያል። ባችለር የያዘ ሰው፣ ከአገር ቤትም ይሁን ከየትም፣ ፔል ግራንት አይሰጠውም። ይሄን ሳያውቁ ፋፍሳው ላይ ዲግሪ የለኝም ብለው የሚሞሉ አሉ። ተዉ፣ በኋላ መልሱ ትባላላችሁ። እሷ ዲግሪዋን ደብሊውኢኤስ ዓይነት ቦታ አስገምግማ ማስተርስ ወይም የሲፒኤ (የአካውንታንት ፈቃድ) መንገዱን ብታይ ይሻላታል። እንደገና ከዜሮ አሶሺየት መጀመር ለእሷ ወደኋላ መሄድ ነው።

ለሁላችሁም ደግሞ አንድ ነገር። ኤይድ እየወሰዱ ኮርስ መጣል ቀልድ አይደለም። ከሞከራችሁት ክሬዲት ከመቶ 67 ገደማውን ማለፍ፣ ጂፒኤውም ብዙ ቦታ 2.0 መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ኤይዱ ይቆማል። ፔል በሕይወት ዘመን ለ12 ሴሚስተር ያህል ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አምስት ዓመት እያዝናና የፈጀው ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። ቢሮዬ ገብተው ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው የሚሆነውን ባያችሁት።


የታኮማዋ፣ ሲያትል

እኛ ጋ ደግሞ ዲቲኤ የሚባል አለ፣ በዋሽንግተን ስቴት ያንን አሶሺየት የጨረሰ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጠቅላላ ትምህርት ኮርሶቹ እንዳለቁ ይቆጠርለታል። የሲያትል የሕዝብ ሃይስኩል ተመራቂ ከሆነ ሲያትል ፕሮሚስ ሁለት ዓመቱን በነፃ ያስተምራል። ካሊፎርኒያ ያላችሁም 116 ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይዛችሁ አትተኙ፣ ታግ በሚባለው ስድስት የዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ካምፓሶች የመግቢያ ዋስትና ይሰጣሉ። በርክሌይና ዩሲኤልኤ ግን የሉበትም።


ከገርጂ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ውድ ከሆነ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምጣት አይቀልም?


ወረቀት አገላባጭ

ወዳጄ፣ ከዩኒቨርሲቲው ይረክሳል እንጂ ርካሽ አይደለም። ለነዋሪው 5 ወይም 6 ሺህ የሆነው ለአንተ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፣ ፔል የለም፣ የፌዴራል ብድር የለም፣ ከካምፓስ ውጭ ሠርቼ እከፍላለሁ ማለትም አይቻልም። የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ሳታሳይ ለቪዛው የሚያስፈልገውን አይ 20 ወረቀት አይሰጡህም። "ስትመጣ ሥራ አገኝልሃለሁ" የሚልህ ሰው ካለ ሽሸው።


የሦስት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ይግባኙን ጻፍን። 2 ሺህ ጨመሩ። ባለቤቴ እንደገና አባዝቶ ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ "የሰው አፍ" የሚለውን አላነሳም፣ አሁን ያመጣው አዲስ ጭንቀት ልጅቷ ሞራሏ ይሰበራል የሚል ነው። እሷ ራሷ ልጻፍ ብላለች።


ልጅቷ ነኝ

ሰላም። የአማርኛ ኪቦርድ አሁን ነው ያወረድኩት፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። እማዬ ሁሉንም አንብባልኛለች። ሞራሌ አልተሰበረም። ማለቴ ትንሽ ተሰብሯል። ጓደኞቼ ሁሉ የዶርም አልጋ ልብስ እየመረጡ ነው። እኔ የዱሮ ክፍሌ ውስጥ ከወንድሞቼ ጫጫታ ጋር ካልኩለስ ላጠና ነው? አባዬ ደግሞ ቤት ካለሁ ሥራ እንደሌላት ሰው ይቆጥረኛል፣ ወንድሞቼን አምጪ፣ ስልኩን አስተካክዪ፣ ደብዳቤውን ተርጉሚ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንድ፣ እዚያ እውነተኛ የኮሌጅ ሕይወት አለ? ሁለት፣ ኤፒ ካልኩለስ ኤቢ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ፈተና) ተፈትኛለሁ፣ 4 ወይም 5 ካመጣሁ ካልኩለስ አንድን መዝለል እችላለሁ?


ሌሊት ሺፍት

የኔ ቆንጆ፣ ደብዳቤ መተርጎሙ ዩኒቨርሲቲም ብትሄጂ አይቀርልሽም፣ በቪዲዮ ያሳዩሻል። እናትየው ግን ስሙ፣ ይሄን ከአሁኑ ተነጋገሩ። ቤት የተቀመጠች ልጅ ነፃ ናት ማለት አይደለም። የክፍልና የጥናት ሰዓቷን ፍሪጅ ላይ ለጥፉላት፣ በዚያ ሰዓት ልጅቷ የለችም፣ ሚሺጋን ናት በሉ።


እውነቱ ይነገር

እኔም ልጨምር፣ ተቃዋሚ ብሆንም። ክፍል እንዳለቀ ወደ ቤት አትሩጪ። ላይብረሪ ተቀመጪ፣ ክበብ ግቢ፣ የቢሮ ሰዓት ላይ አስተማሪ ጋ ሂጂ። እኔ ጋ ልዩነት ያመጣ የነበረው እሱ ነበር። ሥራ ከያዝሽም ካምፓስ ውስጥ ያዢ፣ ፈተና ሲደርስ ሰዓት ይቀንሱልሻል። መኪና ደግሞ እንዳታወጪ! የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ በ2025 ነፃ ሆኗል፣ ሮክቪል ካምፓስ ያደርስሻል።


ካልኩለስ ጠላቴ

የኤፒው ነገር። አዎ፣ 4 ወይም 5 ካመጣሽ ካልኩለስ አንድ ይቆጠርልሻል፣ በቀጥታ 182 ትጀምሪያለሽ፣ ያ ማለት ፊዚክሱንም ቀድመሽ ትይዢያለሽ። ግን ሞንጎመሪ ስለቆጠረልሽ ኮሌጅ ፓርክም በዚያው ይቆጥረዋል ብለሽ እንዳትተዪው። ስትዛወሪ ውጤቱን ፈተናውን ከሚሰጠው ከኮሌጅ ቦርድ በቀጥታ ለእነሱም ማስላክ አለብሽ፣ እነሱ በራሳቸው መስፈርት ነው የሚያዩት። የኮሌጅ ቦርድ አካውንትሽን በትምህርት ቤትሽ ኢሜይል ከፍተሽው ከሆነ አሁኑኑ በራስሽ ኢሜይል ቀይሪው፣ ከተመረቅሽ በኋላ የሃይስኩሉ ኢሜይል ይዘጋል።

ካልኩለስ ሁለት ሲጀመር ጻፊልኝ፣ ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ላይ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ነው የሚቀረው። ማስታወሻዬ አለኝ፣ ስካን አድርጌ እልክልሻለሁ።


ልጅቷ ነኝ

ኢሜይሉን ቀየርኩት። የትምህርት ቤቱ ነበር።